የሦስተኛው ማሽን መከለያ

«እጇን ራሷ ነው ያስገባችው እንላለን። በቃ፣ አለቀ።»

ኔሪና የባሏን ድምፅ የሰማችው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሱፍ ካልሲዋን እየሳበች ሳለ ነው። መኝታቸውን ከወጥ ቤቱ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ እንኳን ወሬ የማንኪያ ኮሽታም አያመልጣትም። ሊቪዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ከእናቱ ከአርጂያ ጋር ነበር።  የወተቱ ማሰሮ ከምድጃው ላይ ተነሥቶ ሲቀመጥ ተሰማ፣ ከዚያ ዳቦ ሲቆረስ። በመጨረሻ አሮጊቷ «ሚስትህስ?» አሉት። «ሚስቴ ምን?» «አጠገቧ ነበረች አላልከኝም?» «ነበረች። ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያየው የራሱን ማሽን ነው። አላየችም።» ኔሪና ካልሲዋን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ቀረች።

አይታለች። ባለፈው ዓርብ፣ እሷና ባሏ በሚሠሩበት የፕላስቲክ ዕቃ ወርክሾፕ፣ ከሦስተኛው ማሽን ላይ አንድ ቀይ የፓስታ ማጥለያ ከቅርጹ አልላቀቅ ብሎ ተጣበቀ፤ ኤልዳ የምትባለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልትስበው ቀኝ እጇን ሰደደች፤ የቅርጹ ሁለት ብረቶች እጇ ላይ ተገጣጠሙ። ማሽኑ ላይ መኖር የነበረበት የብረት መከለያ ቢኖር ኖሮ፣ እሱ ሲከፈት ማሽኑ ቀጥ ይላልና ብረቶቹ አይገጣጠሙም ነበር። መከለያው ግን ለገና የታዘዘው ዕቃ ይፍጠን ተብሎ ከተፈታ ሳምንታት ሆኖታል፤ ከጥሬ ዕቃው ጆንያዎች ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይፈታ ያሉት የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው። በመፍቻው የፈታው ደግሞ የማሽን አስተካካዩ ሊቪዮ፣ ይኸው መጋረጃው ማዶ ወተት የሚጠጣው የራሷ ባል ነው።

ብቅ ስትል ሁለቱም ዝም አሉ። ወጥ ቤቱ አራት ሰው ከተቀመጠበት አምስተኛው በር መክፈት የማይችልበት ጠባብ ክፍል ነው። ከመስኮቱ ሥር ቢጫ ሳፋ፣ ከቧንቧው ጎን ሰማያዊ ባልዲ፣ መደርደሪያው ላይ ባለ ክዳን የስኳርና የጨው ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፕላስቲክ ናቸው፣ ሁሉም ጠርዛቸው ትንሽ ስለተጣመመ ከወርክሾፑ በግማሽ ዋጋ የተገዙ። ከነሱ በላይ ግድግዳው ላይ የአማቷ የኤቶሬ የእጅ ሥራ የሆኑት የመዳብ ድስቶች ተሰቅለዋል። ኤቶሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የፌራራ ከተማ እናት ልጇን ስትድር ከሳቸው ሱቅ ድስት ሳትገዛ የማትቀርበት ዘመን ነበር። ሱቁ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ቴሌቪዥን ይሸጥበታል፤ እሳቸውም በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የሚሄዱበት ሳይኖር መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ።

ባልዲው ነበር መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የገባው ፕላስቲክ። ያኔ ውሃ የሚቀዳው ከግቢው ቧንቧ ሆኖ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በእጅ ይወጣል፤ የመዳቡ ባልዲ ደግሞ ባዶውን እንኳ ክንድ ይገነጥላል። የአርጂያ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ብሎ የቀረው በሱ ምክንያት ነው። ኔሪና ሥራ በገባች ሰሞን ሰማያዊውን ባልዲ ይዛ ስትመጣ አሮጊቷ አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉና በረንዳ ላይ ወጥተው ወደ ግቢው ወረወሩት። ባልዲው ድንጋዩ ላይ ነጠረ፣ ደግሞ ነጠረ፣ የጎረቤት ድመት አስደነበረና ተንከባሎ ቆመ። አልተሰነጠቀም። ከየመስኮቱ ብቅ ያሉት ሴቶች አጨበጨቡ፤ አርጂያ በረንዳውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወር ሳይሞላ በዚያ ግቢ ፕላስቲክ ባልዲ የሌለው ቤት አልተገኘም። ኤቶሬም ያን ቀን መስኮቱ ላይ ነበሩ። «ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው» ብለው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ፕላስቲክ ክፉም ደግም ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ዝምታውን የሰበሩት አርጂያ ናቸው። ዳቦ በወተት እየነከሩ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «የእህቴ ማበጠሪያ ትዝ አለኝ» አሉ። «የዝሆን ጥርስ የሚመስል፣ ነጭ። አባታችን ከገበያ አምጥቶላት እንደ ንግሥት ስትንጎራደድበት ከረመች። አንድ ቀን ሻማ አጠገብ ስታበጥር ቦግ አለላችኋ! ግማሽ ፀጉሯ ሄደ፣ ጆሮዋም ተጠበሰ። ሻጩን ብንጠይቀው ምን ቢለን ጥሩ ነው? ራሷ ናት ወደ ሻማው የተጠጋችው አለን።»

«እማዬ፣ ያ ሴሉሎይድ የሚሉት የድሮ ፕላስቲክ ነው። አሁን ማን ይሠራዋል? ቀርቷል» አለ ሊቪዮ።

«ማበጠሪያው ቀርቷል» አሉ አርጂያ፤ ሌላ አልጨመሩም። ኤቶሬ ከመስኮቱ ሥር ፊታቸውን ሳያዞሩ አንድ ጊዜ ሳሉ።

ኔሪናና ሊቪዮ ከቤት ሲወጡ የኅዳር ጉም ከተማውን ውጦታል። ብስክሌቶቻቸውን ጎን ለጎን እየነዱ የድሮውን ግንብ ተከትለው ሄዱ፤ የአንዱ መብራት ለሌላው የደበዘዘ ቢጫ ነጥብ ብቻ ነው። ሊቪዮ መናገር የጀመረው ግንቡን ሊጨርሱ ሲቃረቡ ነው። ከሰዓት በኋላ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ከቦሎኛ ከተማ ይመጣል። ከኤልዳ አጠገብ ማን እንደነበረ መጠየቁ አይቀርም። ሲኞር ጋሌራኒ፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ልጅቷን አልጣላትም፣ ስትድን ማሸጊያ ክፍል አስገባታለሁ ብለዋል። ለሱ ለሊቪዮም የሥራ መሪነቱን ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ሊሰጡት ነው። «ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ቃል ነው የምትጠየቂው። አላየሁም። ውሸት እንኳ አይባልም፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ መከለያው ነበረ እላለሁ። ምን ልበል? አሠሩኝ፣ ሠራሁ። ያኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይፈታው ነበር።» ትንሽ ነዳና «አባባን እያየሽው ነው» አለ። «ቤቱ የቆመው በኔና ባንቺ እጅ ነው።»  የብስክሌቶቹ ሰንሰለት ድምፅ ብቻ እየተሰማ ደረሱ።

ወርክሾፑ የድሮ የጡብ መጋዘን ነው። በሩ እንደተከፈተ የቀለጠ ሻማ የሚመስል ሽታ ፊት ይመታል፤ ስድስቱ ማሽኖች ሲተነፍሱ ውጪ ውርጭ ቢሆንም ውስጡ የበጋ ሐሩር ነው። ጥሬ ዕቃው ሩዝ የሚያካክል ነጭ ፍሬ ሆኖ ከከተማው ዳር ካለው ትልቅ ፋብሪካ በጆንያ ይመጣል፤ ቀለም ይገባበታል፣ ይቀልጣል፣ ቅርጹ ውስጥ ይረጫል፣ ብረቱ ሲከፈት ማጥለያ ወይም ሳፋ ወይም የሕፃን መታጠቢያ ሆኖ ይወጣል። በሲኞር ጋሌራኒ ቢሮ መስታወት ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ ገጽ ተለጥፏል። በዚሁ ወር አንድ የሚላኖ ፕሮፌሰር ይህን ፕላስቲክ በማግኘታቸው ትልቁን የስቶክሆልም የሳይንስ ሽልማት እንደተሸለሙ ይናገራል፤ ባለቤቱም ዕቃ ሊገዛ የመጣውን ነጋዴ ሁሉ እጁን ይዘው እዚያ ወረቀት ፊት እያቆሙ «በብዛት መሠራት የተጀመረው ግን እዚችው ፌራራ ነው» ይሉታል፣ ፍሬውን ራሳቸው ዘርተው ያጨዱት ይመስል። ኔሪና በዚህ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ትስቃለች እንጂ በልቧ እሷም ትኮራለች። እናቷ ቤት የነበረው የቆርቆሮ ማጥለያ ዝጎ ፓስታውን ያቀላው ነበር። አሁን ገበያ ስትወጣ በየሴቱ ዘንቢል ውስጥ የሷ ማሽን የወለደው ዕቃ አይታ፣ ቀለሙን አይታ፣ በየትኛው ሳምንት እንደተሠራ በልቧ ትገምታለች።

የሦስተኛው ማሽን መከለያ ተመልሷል። አዳዲስ ብሎኖች ያብለጨልጩበታል፤ ከጆንያው ኋላ የነበረበት አቧራም ተጠርጓል። ከፊቱ የቆመችው ዛይራ የምትባል፣ ወንዙ ባሕር ከሚገባበት አካባቢ ጎርፍ ያፈናቀላት ባል የሞተባት ሴት ናት፤ በኤልዳ ቦታ ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ነው። መከለያውን በከፈተች በዘጋች ቁጥር ሥራው ይጓተታል፤ የሚከፈሉት ደግሞ ባወጡት ዕቃ ቁጥር ስለሆነ ሌሎቹ ሴቶች ከሩቅ ሆነው ይቀልዱባታል። «ይሄ በር የተሠራው ለኛ ነው ለእንግዳው?» አለች አንዷ። «ለእንግዳው ነው እንጂ! ማታ ሲሄድ በሩም አብሮት ይሄዳል» አለች ሌላዋ። ሣቁ፤ ሊቪዮም በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰምቶ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የምሳ ደወል ሲደወል ኔሪና ዳቦዋን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ብስክሌቷን ይዛ ወደ ሆስፒታል ሄደች። የሴቶቹ ክፍል ረጅም ነው፤ አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ። ኤልዳ ከመስኮቱ ሥር ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጦላት ነበር። ሁለቱ ጣቶቿ ከሥራቸው ሄደዋል፤ ሦስተኛው ይዳን አይዳን ገና አልታወቀም። ኔሪናን ስታይ ፊቷ በራ።

«መጣሽ እንዴ! ምን ይዘሽልኝ መጣሽ? ማጥለያ እንዳይሆን ብቻ።»

ኔሪና ልታለቅስ ነበር፣ ሣቀች። በኤልዳ ግራ ክንድ ላይ ከተንጠለጠለው ጠርሙስ የሚወርድ ስስ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ተሰክቷል። ልጅቷ በአገጯ አሳየቻት። «እዪው ፕላስቲኩን፤ በዚያ በኩል በላኝ፣ በዚህ በኩል ያጠጣኛል። መነኩሲቷ ነርስ ስትነግረኝ ድሮ የጎማ ነበር አሉ፤ እየተቀቀለ ለሌላው በሽተኛ ይደገማል። ይሄኛው ግን የኔ ብቻ ነው፤ አዲስ። በሕይወቴ አዲስ ዕቃ ሲደርሰኝ ከመጀመሪያ ቁርባኔ ጫማ ወዲህ ይሄ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። ሲኞር ጋሌራኒ ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር። ማሸጊያ ክፍል እንደሚያስገቧት፣ ሦስት ጣት ለሣጥን መዝጋት እንደሚበቃ ነግረዋታል። እሷም እጄን ያስገባሁት ራሴ ነኝ ብላለች። «አንቺም እንደዚያ በይልኝ፣ ኔሪናዬ። አታበላሽብኝ። እናቴ የምታየው እኔን ነው። ከሥራ ካወጡኝ ይሄን እጅ ይዤ የማን በር ላይ እቆማለሁ?»

ኔሪና የብርድ ልብሱን ጫፍ ታጥፍ ትዘረጋ ጀመር። ኤልዳ ቀጠለች። «ባልሽም መጥቶ ነበር። ቅዳሜ። አልነገረሽም? ተቀመጥ ብለው እምቢ አለኝ። እዚያ፣ አልጋው እግር ጋ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ቆሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። አሳዘነኝ።» ቅዳሜ ሊቪዮ የብስክሌት ጎማ ሊያስጠግን ሄጃለሁ ብሎ እንደነበር ኔሪና አስታወሰች። ወደ ሥራ የመመለሻዋ ሰዓት ደርሶ ስትነሣ ኤልዳ «ቦታዬ ላይ ማን ገባ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ዛይራ የምትባል ሴት ናት። ትልቅ ሴት።»

«መከለያው መቼም ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ ይነሣል። እንግዲህ ንገሪያት፤ ዕቃው ሲጣበቅባት በቀኝ እጇ አትሳብ። በግራዋ ትሳብ። ግራው ቢሄድ ይሻላል።»

ይህን የተናገረችው የአውቶቡስ መንገድ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ረጋ ብላ፣ ከልቧ ለሴትዮዋ አስባ ነው። ኔሪና ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች። ሊቪዮ በጉሙ ውስጥ ያላትን፣ ልጅቷም የለመነቻትን ሁሉ እስከ ደረጃው ድረስ ይዛው ወርዳ ነበር። ብስክሌቷ ጋ ስትደርስ ግን በጆሮዋ የቀረው «በግራዋ ትሳብ» የሚለው ብቻ ሆነ።

ተቆጣጣሪው አጭር፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው ናቸው፤ መሐረባቸውን ከእጃቸው አያወርዱም። ኔሪና ወደ ቢሮው ስትጠራ ሲኞር ጋሌራኒ ከጠረጴዛቸው ኋላ፣ ሊቪዮ ደግሞ በር አጠገብ ቆሞ አገኘቻቸው። ወንበር ሰጧት፤ አልተቀመጠችም። ከመስታወቱ ውጪ ማሽኖቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሲደርስ የታፈነ ሳል ይመስላል።

«ወይዘሮ፣ ዓርብ ዕለት ከልጅቷ አጠገብ የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«እኔ ነኝ።»

«የሆነውን አይተዋል?»

ሊቪዮ ጫማውን ያያል። ሲኞር ጋሌራኒ በለስላሳ ድምፅ «አስቢበት የኔ ልጅ። አትቸኩዪ» አሏት።

«አይቻለሁ» አለች ኔሪና።

«መከለያው ነበረ?»

«አልነበረም። ጆንያዎቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። የተመለሰው ከሷ አደጋ በኋላ ነው።»

ተቆጣጣሪው አፍንጫቸውን አበሱ። «ማን ነው ያነሣው?» አሉ ከዚያ። ኔሪና ከሆስፒታሉ እስከ ወርክሾፑ ድረስ የባሏ ስም የሌለበት ዓረፍተ ነገር ስትፈልግ ነበር የመጣችው። አላገኘችም። «ይነሣ ያሉት እሳቸው ናቸው» አለች በዓይኗ ወደ ጠረጴዛው እያሳየች። «የፈታው ባሌ ነው።» ያልተቀመጠችበትን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

ሲኞር ጋሌራኒ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ተቆጣጣሪው ወደ በሩ ዞሩ። «እውነት ነው?» ሊቪዮ ቀና አለ።  «ሚስቴ ደክሟታል» አለ። «ልጅቷን እንደ እህቷ ነው የምትወዳት። ከዓርብ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። መከለያው ሁልጊዜም ቦታው ላይ ነበር።» ይህን ሲል አንድ ጊዜ እንኳ አላያትም። ባለቤቱ የሲጋራ ፓኮ ዘረጉለት፤ ወሰደ፣ ግን አላቀጣጠለውም፣ እጁ ላይ እያንከባለለ ቀረ። ኔሪና ማንም ሂጂ ሳይላት ወጣች።

ሴቶቹ ከመስታወቱ ውጪ ሆነው ነገሩን ቢሮው ውስጥ ካሉት ሰዎች ፊት አንብበውታል፤ ስታልፍ ማንም አልቀለደም። ኔሪና በቀጥታ ወደ ማሽኗ አልሄደችም። ዛይራ ጋ ቆመች። «ስሚኝ፤ ማታ ይሄን ሊፈቱ ሲመጡ ማሽኑን አጥፍተሽ ሂጂ። በቀኝም በግራም እጅሽን አታስገቢ» አለቻት። ዛይራ ቀዩን ማጥለያ በሁለት እጇ እንደያዘች አየቻት። «ሄጄስ? ምን ልበላ?» አለች፤ ለመከራከር ሳይሆን መልሱ ካላት ለማወቅ። ኔሪና ወደ ራሷ ማሽን ሄደች። መከለያው ተዘጋ፣ ማሽኑ ተነፈሰ፣ ሥራው ቀጠለ።

ማምሻውን ብቻዋን ነዳች። ቤት ስትደርስ አርጂያ የዱባ ሾርባ እያማሰሉ ነበር፤ ኤቶሬ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ተዛውረዋል። ኮቷን ሳታወልቅ ነገረቻቸው፤ ያለችውንም፣ ሊቪዮ ያለውንም። ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለገችም። አርጂያ ማማሰያውን ጠረጴዛው ላይ መቱት፤ ሾርባው ግድግዳው ድረስ ተረጨ። «ባልሽን! የገዛ ባልሽን ለመንግሥት ሰው? እኔ ልጄን እስር ቤት በር ላይ ሳህን ይዤ እንድጠብቀው ነው?»

«እማማ፣ ጠዋት ሰምቼዎታለሁ» አለች ኔሪና። «ሚስትህስ ብለው የጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

አሮጊቷ ጨርቅ አንሥተው የተረጨውን ሾርባ ከግድግዳው ጠረጉ።  ሳህኖቹ ተደረደሩ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ፤ እንደገና ተጣደ። ሊቪዮ የሚመጣበት ሰዓት አለፈ። አርጂያ ለልጃቸው ያዘጋጁትን ዳቦ በናፕኪን ሸፈኑ፣ ገለጡ፣ ሸፈኑ። በደረጃው ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ሦስቱም ቀና ይላሉ፤ እግሩ ወደ ሌላ በር ይሄዳል። «ይሄ ጉም» አሉ አርጂያ፣ በቀጭን ድምፅ፤ «መንገዱ ላይ ያለው ቦይ ዳሩ አጥር የለውም።» ኔሪና ኮቷን እንደለበሰች ነበር። ልትፈልገው ብድግ ባለችበት ቅጽበት በሩ ተከፈተ።

ሊቪዮ ፀጉሩ በጉም ርሶ፣ ባርኔጣውን የሆነ ቦታ ረስቶት ገባ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ባቡር ጣቢያ ነበርኩ» አለ። ተቆጣጣሪው ወርክሾፑን ለቀው ሲወጡ ከኋላ ተከትሏቸው ሄዷል፤ ለምን እንደሚከተላቸው ሳያውቅ። የቦሎኛው ባቡር በጉሙ ዘግይቶ ነበር። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እሳቸውም አወቁት፤ ግን ምንም አልጠየቁትም፣ ጋዜጣቸውን ያነባሉ፣ ያስነጥሳሉ። «ባቡሩ መጣ ሲባል ተነሡ። እኔ ነኝ የፈታሁት አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሰማኝ መሰለኝ፤ ጮኼ ነው የተናገርኩት።»

«ከዚያስ?» አለች ኔሪና።

«ባቡሩን ተዉት። ነገ ጠዋት ተመልሰው ይመጣሉ፤ የስድስቱም ማሽን መከለያ ተፈትሾ በደንብ ሳይታሰር ማሽን አይነሣም። የሚያስረው ማነው አሉኝ። እኔው ልሰረው ብዬ ለመንኳቸው።» ወደ እናቱ ዞረ። «እስከ ቀትር ሥራ አለኝ፣ እማዬ። ከዚያ በኋላ ሲኞር ጋሌራኒ በሩን ያሳዩኛል። ፍርድ ቤትም ሊኖር ይችላል። ስለ ኤልዳ ግን የአደጋ ካሳዋን ማንም ሊከለክላት አይችልም አሉኝ፤ እሷ ራሴ ነኝ ብትልም።»

አርጂያ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ዝቅ ያለው ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ኔሪና ሾርባውን ቀዳች። አራቱም መብላት ጀመሩ። ሊቪዮ ሁለት ማንኪያ ወስዶ «ጨው ያንሰዋል» አለ፣ ከልማድ።

«የኔ እንባ አልበቃህም?» አሉ እናቱ።

ኔሪና ጨውን አቀበለችው። ሲቀበላት አያት፤ ከጠዋት ወዲህ መጀመሪያ ያያት ያኔ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። 

ኤቶሬ ሾርባቸውን እስከ ታች ጨረሱ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉ፤ አፋቸውን አበሱ። «በምንድን ነው የምታስረው?» አሉ ልጃቸውን።

«በብሎን ነዋ፣ አባዬ።»

«ብሎን ያሰረው መፍቻ ይፈታዋል። አንተ ቀትር ላይ ትወጣለህ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው መፍቻ ይይዛል።» ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር ከባድ የእንጨት ሣጥን እየጎተቱ አወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ መዶሻ ከጨርቅ ውስጥ ፈቱ፤ አጠገቡም ሹል የሌላቸው ወፋፍራም ምስማሮች ነበሩ። አንዱን አንሥተው ወደ መብራቱ አዩት። «ይሄ ከገባ በኋላ ሁለቱ ጫፍ ይቀጠቀጣል። ያብጣል። ማሽኑን ካልሰበሩ አይወጣም።»

«አያስገቡህም፣ አባዬ» አለ ሊቪዮ።

«የመንግሥት ሰው ይኖራሉ አላልክም?» አሉ ኤቶሬ። ምስማሮቹን በጣታቸው እየለዩ ትልልቆቹን ወደ ቀኝ፣ ትንንሾቹን ወደ ግራ ያደርጉ ጀመር። «በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

ሊቪዮ ወደ ኔሪና ዞረ። አርጂያም ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ አባባ» አለች ኔሪና። «የኔን ብስክሌት ይውሰዱ። ሣጥኑ ከባድ ነው። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።»